ተንሸራታች ቦምብ በበረራ ሲሙሌተር፦ ቁልፉ ከመጫኑ በፊት ያለቀ ሥራ

ዲሲኤስ ወርልድ የሚባለውን የውጊያ በረራ ሲሙሌተር የሚጫወቱ ሰዎች ዘንድ አንድ ቅሬታ ተደጋግሞ ይሰማል። ኢላማው ገብቷል፣ አውሮፕላኑ ደህና ነው፣ ቦምቡ ተለቀቀ፣ ክንፉን ዘረጋ፣ ሄደ ሄደና ኢላማው ጋ ሳይደርስ ሜዳ ላይ ወደቀ። ሌላው ደግሞ "የኔስ በትክክል ደርሶ ሳይፈነዳ ቀረ" ይላል። ሁለቱም ጌሙ ተበላሽቷል ብለው ይደመድማሉ። ብዙውን ጊዜ ግን ጌሙ ምንም አልሆነም። ስህተቱ የተሠራው ቦምቡ ከመለቀቁ ደቂቃዎች ቀደም ብሎ ነው።

የሚመራ ተንሸራታች ቦምብ በጌሙ ውስጥ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ የጣት ድርሻ ትንሽ የሆነበት ነው። በመትረየስ ስትተኩሱ ሁሉም ነገር ያለው ዓይንና ጣት ላይ ነው። እዚህ ግን ኢላማውን የሚመታው ከፍታ፣ ፍጥነትና ቀድሞ የገባ የኢላማው መገኛ ቁጥር (ኮኦርዲኔት) ነው። ቁልፉን ስትጫኑ ነገሩ አልቋል። ይሄን የተረዳ ሰው ጌሙን በደንብ ይጫወታል። ከዩክሬን ግንባር የሚመጣውን ዜናም በሌላ ዓይን ያነባል፤ እዚያም ነገሩን የሚወስኑት እነዚያው ሦስቱ ናቸውና። ጌሙ ጨርሶ የማያሳያቸው ነገሮችም አሉ፤ እነሱን ዘለን ብናልፍ ግማሹን ብቻ እንዳወራን ይቆጠራል።

ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሞተር የለውም፣ ክንፍ ግን አለው

ተራ ቦምብ ከተለቀቀ በኋላ ወደፊት እየተወነጨፈ ይወድቃል። ሚሳኤል ደግሞ በራሱ ሞተር ይሄዳል። ተንሸራታች ቦምብ የሁለቱ መሃል ነው። ሞተር የለውም፤ ክንፉ ግን ከፍታን ወደ ርቀት ይመነዝርለታል። የሚመራ የተባለው አቅጣጫውን የሚያስተካክልበት ነገር ስላለው ነው፤ ሳተላይት ሊሆን ይችላል፣ ካሜራ ሊሆን ይችላል፣ ሌዘርም ሊሆን ይችላል።

በዲሲኤስ ውስጥ ዋናው ምሳሌ ኤጂኤም-154 ነው። በተለምዶ ጄሶው ይሉታል። በ2018 ለተጫዋቾች የቀረበው ኤፍ/ኤ-18ሲ ሆርኔት የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን ሁለት ዓይነቱን ይሸከማል። አንደኛው ሆዱ ውስጥ 145 ትንንሽ ቦምቦች ይዞ ኢላማው አናት ላይ ይበትናቸዋል። ሁለተኛው አንድ ትልቅ፣ ኮንክሪት በስቶ የሚገባ ፈንጂ ነው። መሣሪያው ግማሽ ቶን ገደማ ይመዝናል። ርዝመቱ ከአራት ሜትር ትንሽ ያልፋል።

አሁን ዋናውን ቁጥር ተመልከቱ። ጄሶው ከዝቅተኛ ከፍታ ሲለቀቅ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከከፍተኛ ከፍታ ሲለቀቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል። ቦምቡ ያው ቦምብ ነው፣ ክንፉም ያው ክንፍ ነው፣ ልዩነቱ ግን ስድስት እጥፍ ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል ፔዳል ሳይመታ በብስክሌት የሚወርድ ልጅ የት ድረስ እንደሚደርስ የሚወስነው ሁለት ነገር ነው፤ ከየት እንደተነሳና ሲነሳ ምን ያህል እንደተገፋ። ቦምቡም ላይ የሚሠራው ይኸው ነው።

ከፍታውን ሁሉም ሰው ቶሎ ይረዳዋል። ፍጥነቱን ግን ብዙ ሰው ይንቀዋል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ለቦምቡ የሚሰጠው ጉልበት ብቻውን ወደ 3200 ሜትር ከፍታ ይመነዘራል። ፍጥነቱን ወደ 720 ብታወርዱት 2000 ሜትር ገደማ ብቻ ይቀራል። ማለትም ስክሪን እየነካካችሁ ሳታውቁት 180 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትጥሉ ቦምቡን ከ1100 ሜትር በላይ ዝቅ ብላችሁ እንደለቀቃችሁት ይቆጠራል። ጄሶው ከ12 ሺህ ሜትር ገደማ ተነስቶ 130 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ፣ በግርድፉ ሲሰላ ይህች ቸልተኝነት ከዘጠኝ እስከ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ትበላለች። ቦምቡ ለምን ሜዳ ላይ እንደቀረ የሚገርመው ሰው መጀመሪያ የሚለቅበትን ፍጥነት ይይ።

ጀማሪዎች ላይ ይሄ የሚበዛው በምክንያት ነው። ሆርኔት ላይ ቦምቡን ማዘጋጀት ብዙ ቁልፍ መንካት ይጠይቃል። ተጫዋቹ አንገቱን ደፍቶ ቁጥር ሲያስገባ አፍንጫው ቀስ እያለ ይነሳል ወይም ይወርዳል፣ ፍጥነቱ ይሟሽሻል። ቀና ሲል የመልቀቂያው ቦታ ደርሷል። ተቻኩሎ ይለቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሥራውን ሁሉ ሩቅ ሆናችሁ፣ አውቶፓይለት ላይ አድርጋችሁ ጨርሱ። የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ለመውጣትና ለመፍጠን ብቻ ተዉዋቸው።

ነፋሱንም አትርሱት። ዲሲኤስ ላይ ሚሲዮን (ተጫዋቹ የሚበርበትን ተልእኮ) የሚሠራ ሰው ነፋሱን መሬት ላይ፣ 2000 ሜትር ላይና 8000 ሜትር ላይ ለየብቻ ማስተካከል ይችላል። ታች ያለው አየር ጸጥ ስላለ ላይ ያለውም ጸጥ ብሏል ማለት አይደለም። ቦምቡ ስድስት ደቂቃ አየር ላይ ቢቆይና በሰከንድ 30 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢገጥመው ወደ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይገፋበታል። ስለዚህ አንዳንዴ ከኢላማው ጀርባ ዞሮ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ መምጣት ያዋጣል።

ሆርኔት ለዚህ ሁሉ የሚረዳ ስሌት አለው። ቦምቡ ሊደርስበት የሚችልበት ርቀት ውስጥ ስትገቡ ፓይለቱ ፊት ለፊት ባለው የመረጃ መስታወት ላይ "ኢን ሬንጅ" የሚል ይወጣል። ትንሽ ቆይቶ "ኢን ዞን" ይላል። የመጀመሪያው ሊደርስ ይችላል እንደማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ እናንተ በፈለጋችሁት አቅጣጫና አወራረድ ይደርሳል ማለት ነው። ትዕግስት ያጣ ተጫዋች በመጀመሪያው ይለቃል። እኔ ብትጠይቁኝ፣ የሚያሳድድ ጠላት ከሌለ ሁለተኛውን ጠብቁ።

ቁጥሩ ላይ ያለው ጣጣ

የጄሶው ዓይን ቁጥር ነው። ሳተላይት የት እንዳለ ይነግረዋል፣ እናንተ ደግሞ የት እንደሚሄድ ትነግሩታላችሁ። ስህተት ከነገራችሁት ወደ ስህተቱ በትክክል ይሄዳል።

መጀመሪያ ቦምቡ ራሱን ማዘጋጀት አለበት። መሣሪያውን ስትመርጡት ስሙ ላይ የኤክስ ምልክት ይታያል፤ የራሱን አቋም አስተካክሎ እስኪጨርስ ጊዜ ይፈልጋል። ኢላማው አጠገብ ደርሶ ያኔ የሚከፍተው ሰው እዚህ ላይ ይቀልጣል። ከመሬት እንደተነሳችሁ ክፈቱት።

ቀጥሎ ኮኦርዲኔቱ ይመጣል። ሆርኔት እስከ አምስት ኢላማ ቀድሞ እንዲገባለት ይፈቅዳል። ቁጥሩን ከጌሙ ካርታ አንብባችሁ በአውሮፕላኑ የቁጥር ሰሌዳ ትጽፋላችሁ። ስህተቱ የሚጎነጎነው እዚህ ነው። ካርታው አንድን ቦታ በተለያየ አጻጻፍ ያሳያል። አንዱ ዲግሪ፣ ደቂቃና ሰከንድ ነው። ሌላው ዲግሪና ደቂቃ በነጥብ ነው። በነጻው የካውካሰስ ካርታ ላይ ባቱሚ አካባቢ 41 ዲግሪ ከ36.50 ደቂቃ የሚል ቁጥር አገኛችሁ እንበል። ይህ 36 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ 30 ሰከንድ ነውና። ነጥቡን ችላ ብሎ 36 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ብሎ ያስገባ ሰው 20 ሰከንድ ስቷል። አንድ የኬክሮስ ሰከንድ 31 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ቦምቡ 600 ሜትር አልፎ የሰው ማሳ ላይ ያርፋል። ቦምቡ የታዘዘውን ፈጽሟል።

ከፍታም እንዲሁ ነው። ኢላማው ከባሕር ወለል በላይ ስንት ላይ እንዳለ ቦምቡ ማወቅ አለበት። ካርታው በሜትር 300 ብሎ ቢያሳያችሁና 300ን በጫማ ብታስገቡት ቦምቡ ኢላማው 91 ሜትር ላይ ነው ብሎ ያምናል። ከእውነተኛው ኢላማ 209 ሜትር በታች፣ መሬት ውስጥ ወዳለ ነጥብ ያነጣጥራል። በ45 ዲግሪ እየወረደ ከሆነ ኢላማው ጋ ሊደርስ 200 ሜትር ሲቀረው አፈር ይመታል። ለባሕር ወለል ቅርብ የሆነ ሜዳ ላይ ይህ ስህተት ብዙ አይታወቅም። ተራራማ ካርታ ላይ ግን እያንዳንዱን ቦምብ ያበላሻል። ሰውየው ኮኦርዲኔቱን ሦስቴ ያጣራል፣ ኮኦርዲኔቱ ትክክል ነው፣ ቦምቡ ግን ሁሌም አጠር ይላል።

ያ ደርሶ ያልፈነዳውስ? እሱ የፊውዝ፣ ማለትም ቦምቡን የሚያስፈነዳው ክፍል ጉዳይ ነው። ሆርኔት ላይ ፊውዙን እናንተ ራሳችሁ መክፈት አለባችሁ። ካልተከፈተ ቦምቡ ብረት ብቻ ነው። አንዲት ቁልፍ ናት፣ ግን የስንቱን የአርባ ደቂቃ በረራ ውሃ አስበልታለች።

ይሄ ሁሉ ዝርዝር አሰልቺ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ለእኔ ግን የዲሲኤስ ትልቁ ዋጋ እዚህ ነው። ሌሎች ጌሞች ላይ ቦምብ ጥሎ ማለፍ ነው። እዚህ ግን አንድ መሣሪያ ትክክል እንዲሠራ ስንት የሰው ጥንቃቄ ከጀርባው እንዳለ በእጃችሁ ታዩታላችሁ። ጥንቃቄው ሲጓደል ምን እንደሚሆንም ታዩታላችሁ።

ሥራው ከኋላ ወደ ፊት እንዴት ተዛወረ

ሥራው ሁልጊዜ ከመልቀቅ በፊት አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ፍሪትዝ ኤክስ የሚባል በሬዲዮ የሚመራ ቦምብ ነበራቸው። መስከረም 9 ቀን 1943 ሮማ የተባለውን የጣሊያን የጦር መርከብ አሰጠሙበት፤ ከ1200 በላይ ሰዎች አለቁ። ያን ቦምብ የሚመራው ሰው ከለቀቀው በኋላ እስኪያርፍ ድረስ በዓይኑ እየተከተለ በእጁ ማስተካከል ነበረበት። አውሮፕላኑም እዚያው መቆየት ነበረበት። ዋር ተንደር በሚባለው ጌም ውስጥ ይህ ቦምብ አለ። የሞከረው ሰው ያውቀዋል፤ ቦምቡን ስትመሩ ራሳችሁን መከላከል አትችሉም።

በ1967 አሜሪካኖች ቬትናም ላይ ዎልአይን ይዘው መጡ። ይሄኛው ሞተር የሌለው፣ አፍንጫው ላይ የቴሌቪዥን ካሜራ ያለው ተንሸራታች ቦምብ ነው። ፓይለቱ ከመልቀቁ በፊት በስክሪኑ ላይ ኢላማውን ያስይዘዋል፣ ከዚያ ቦምቡ ያየውን ምስል ተከትሎ ይሄዳል። የዲሲኤስ ሆርኔት ይህንንም ይሸከማል። የዳታ ሊንክ ፖድ (ከቦምቡ ጋር በሬዲዮ የሚያገናኝ መሣሪያ) አብራችሁ ከጫናችሁ ቦምቡ የሚያየውን ከሩቅ እያያችሁ ልታስተካክሉትም ትችላላችሁ። ከጄሶው ይልቅ ዎልአይ ላይ የበለጠ የሚደሰቱ ተጫዋቾች አሉ፤ ዓይንና ጣት እንደገና ሥራ ያገኛሉና።

ዎልአይ ያስተማረው አንድ ነገር ግን ጌሙ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። በመጋቢት 1967 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ታን ኋ የተባለውን የሰሜን ቬትናም ድልድይ በዎልአይ መታው። ቦምቦቹ የታሰበላቸው ቦታ ላይ አረፉ። ድልድዩ ግን አልወደቀም። ከአገልግሎት ውጭ የሆነው በ1972 ከባድ በሌዘር የሚመሩ ቦምቦች ከመጡ በኋላ ነው። በትክክል መምታት ብቻውን አይበቃም። የሚመታው ነገር ከምን እንደተሠራ ማወቅም የዝግጅቱ አካል ነው።

ከዚያ ጄሶውን የመሳሰሉት መጡ፤ ሥራው ሙሉ በሙሉ ወደ ዝግጅቱ ተዛወረ። ለቆ መዞር። ስዊድኖች ቪገን በተባለው አውሮፕላናቸው ላይ የጫኑት ቢኬ-90 የተባለው ተንሸራታች ቦምብ የተለየ መንገድ ይሄዳል፤ የስዊድን ፓይለት ዛፍ ጫፍ ላይ እየበረረ ነው የሚለቀው። ከፍታ ስለሌለ ጉልበቱ በሙሉ ከፍጥነት ይመጣል፣ ርቀቱም ያጥራል። የቻይናና የፓኪስታኑ ጄኤፍ-17 አውሮፕላን ደግሞ ኤልኤስ-6 የሚባሉትን ይሸከማል፤ ክንፍና የሳተላይት መሪ የተገጠመላቸው ናቸው። ተራ ቦምብን በዚህ መንገድ ወደ ተንሸራታች መቀየር ነው ዛሬ ዓለም ላይ ዜና የሆነው።

ከፍ ማለት ርቀት ይሰጣል፣ ያጋልጣልም

ሩሲያ ከ2023 ጀምሮ በብዛት የምትጠቀምባቸው ተንሸራታች ቦምቦች በሶቪየት ዘመን በገፍ የተመረቱ የፋብ ቦምቦች ናቸው። ላያቸው ላይ የሚዘረጋ ክንፍና የሳተላይት መሪ ይገጠማል። ባለ 500 ኪሎው አለ፣ ባለ 1500 ኪሎው አለ። በሰኔ 2024 ባለ 3000 ኪሎው ፋብ ክንፍ ተገጥሞለት ካርኪቭ ክልል ላይ ተጣለ። አውሮፕላኖቹ ብዙ አሥር ኪሎ ሜትር ርቀው ይለቁና ይመለሳሉ። አሜሪካም ጄዳም የተባለውን ቦምብ ክንፍ የተጨመረበትን ዓይነት ለዩክሬን ሰጥታለች፤ ክንፉ ርቀቱን ከ28 ወደ 72 ኪሎ ሜትር ገደማ ያሳድገዋል።

ዜናው ላይ አውሮፕላኖቹ ለምን ሩቅ ሆነው እንደሚለቁ ሲነገር ፍርሃት ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። ሲሙሌተሩ የሚያሳየው ግን ትክክለኛውን ውጥረት ነው። ቦምቡ ሩቅ እንዲሄድ አውሮፕላኑ ከፍ ማለት አለበት። ከፍ ያለ አውሮፕላን ደግሞ ራዳር ላይ ጎልቶ ይታያል። መሬት ላይ ያለ ራዳር ከምድር ኩርባና ከተራራ በታች ያለውን አያይም፣ ከፍ ያለውን ግን ከሩቅ ያየዋል። ተጫዋቹ ኤስ-300 የመሰለ ረጅም ርቀት የሚመታ መከላከያ ፊት ለፊት ሲገጥመው ይሄ ይገባዋል። ዝቅ ብሎ ቢሄድ ቦምቡ አይደርስም። ከፍ ቢል ራሱ ይመታል። መፍትሔው ሰዓት መምረጥ ነው፤ ዝቅ ብሎ መቅረብ፣ በፍጥነት መውጣት፣ መልቀቅ፣ ገልበጥ ብሎ መውረድ። ግንባር አቅራቢያ የሚቀመጥ ረጅም ርቀት የሚመታ መከላከያ ለምን የዚህ ጦርነት ወሳኝ ጥያቄ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ትምህርት አላውቅም።

ዲሲኤስ ላይ ቦምቡ ራሱ ሊመታ ይችላል። ቶር የሚባለው የሩሲያ መከላከያ ወደ እሱ የሚመጡ ጄሶዎችን አየር ላይ ይመታቸዋል። የቆየው ዓይነት አንድ ቶር ስምንት ሚሳኤል ነው የሚይዘው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች አንድ ቦምብ ለቅቀው ውጤት አይጠብቁም። ጓደኛሞች ሆነው በአንድ ጊዜ ብዙ ይልካሉ፤ ከተለያየ አቅጣጫ፣ ሰዓቱን አስልተው። እዚህም የሚወስነው የቅድሚያ ስምምነት ነው።

ጌሙ የማያሳየው

ዲሲኤስን የሚሠራው ኢግል ዳይናሚክስ ለዝርዝር የሚጨነቅ ድርጅት ነው። ግን አንድ ሐቅ አለ፤ የዘመናዊ መሣሪያ እውነተኛ ቁጥር ምስጢር ነው። በ2019 ከኩባንያው ጋር ይሠራ የነበረ አንድ ሩሲያዊ ከኤፍ-16 መመሪያ መጻሕፍት ጋር በተያያዘ በኮንትሮባንድ ተከሶ አሜሪካ ፍርድ ቤት ቀርቧል። በ2021 ደግሞ የዋር ተንደር ተጫዋቾች ስለ አንድ የእንግሊዝ ታንክ ሲከራከሩ አንደኛው ከመመሪያ ሰነድ ገጾችን ለጠፈ። ጌሙ ውስጥ ያለው ርቀትና ኃይል ለሕዝብ ከወጣ መረጃ የተቀመመ ግምት ነው። ለጨዋታ ይበቃል። "ዲሲኤስ ላይ ሞክሬዋለሁ፣ እውነቱ ይሄ ነው" ብሎ ስለ ጦርነት መከራከር ግን አያዋጣም።

ትልቁ ጉድለት ኤሌክትሮኒክ ጦርነት ነው። ዩክሬን ውስጥ በሳተላይት የሚመሩ የምዕራባውያን መሣሪያዎች የሩሲያ ጃሚንግ (የሳተላይት ምልክት ማወክ) ሲበረታባቸው ትክክለኛነታቸው ቀንሷል። ሳተላይቱ ሲጠፋበት ቦምቡ በራሱ የውስጥ መሣሪያ ብቻ እየገመተ ይሄዳል፤ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ግምቱ ይዛባል። ጌሙ ውስጥ ግን ያስገባችሁት ቁጥር ልክ ከሆነ ቦምቡ ልክ ነው። የሳተላይት ቦምብ የማይስት መሣሪያ ነው የሚል እምነት ከዚህ ይወለዳል። ይህ እምነት አደገኛ ነው፤ ቦምብ ሲስት የሚያርፈው የሆነ ሰው ቤት ላይ ነውና።

ሁለተኛው የጊዜ ነገር ነው። አብዛኛው ሚሲዮን ላይ ኢላማው ቆሞ ይጠብቃል። በእውነቱ ዓለም ግን ስድስት ደቂቃ ረጅም ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በስድስት ደቂቃ አራት ኪሎ ሜትር ይርቃል። ቦምቡ ሲለቀቅ ባዶ የነበረ መንገድ ላይ ሲያርፍ አውቶቡስ ሊኖር ይችላል። ሚሲዮን የምትሠሩ ሰዎች ይሄን ማስገባት ትችላላችሁ። ኢላማው በመሃል እንዲነሳ አድርጉ። ለተጫዋቹ የምትሰጡት ኮኦርዲኔት አንዳንዴ ያረጀ ይሁን። መልቀቅ የሌለበትን ጊዜ የሚያውቅ ተጫዋች ከሁሉም የተሻለ ተጫዋች ነው።

ሦስተኛው ሰው ነው። ካርታው ላይ ከተሞች አሉ፣ ቤቶች አሉ፣ ከተፈለገም መኪኖች በመንገዱ ላይ ይሄዳሉ። ቤቱ ሲመታ ይፈርሳል። የሚወጣ ሰው የለም፣ የሚፈልግም የለም። ግንቦት 25 ቀን 2024 ካርኪቭ ከተማ ውስጥ አንድ ትልቅ የዕቃ መደብር በሁለት ተንሸራታች ቦምቦች ተመታ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ሰው ለቤቱ ዕቃ ሊገዛ ነበር የገባው። ከ15 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ለእኛም ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ኤምኤኤም-ኤል የሚባለው ባይራክታር ድሮን የሚጭነው ቱርክ ሠራሽ ቦምብ 22 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ሞተር የሌለው፣ በሌዘር የሚመራ ተንሸራታች ነው። ጥር 7 ቀን 2022፣ የገና ዕለት፣ ትግራይ ውስጥ ደደቢት ላይ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት ትምህርት ቤት በድሮን ተመታ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በዚያው ዓመት መጋቢት ባወጣው ዘገባ ቢያንስ 57 ሲቪሎች መሞታቸውን ገለጸ፤ ስፍራው ላይ የተገኘው ስብርባሪም የኤምኤኤም-ኤል መሆኑን ለየ። መሣሪያው በትክክል የሚመታ ነው። ትክክለኛነቱ ኢላማውን ከመረጠው ሰው ውሳኔ በላይ ሊሆን አይችልም። ይህን የጻፍኩት ጌሙን የሚጫወት ሰው እንዲያፍር አይደለም። እኔም እጫወተዋለሁ፣ እወደዋለሁም። ግን ስክሪን ላይ ቁጥር ስናስገባ ከዚያ ቁጥር ማዶ ምን ሊኖር እንደሚችል የምናውቅ ሕዝብ ነን። ያን እያወቁ መጫወት ሳያውቁ ከመጫወት ይሻላል።

እውቀቱ ጌሙ ውጭም ያገለግላል። በየካቲት 2022 "የኪየቭ መንፈስ" ስለተባለው ፓይለት የተሰራጨው ዝነኛ ቪዲዮ ከዲሲኤስ የተቀዳ ነበር፤ የዩክሬን መንግሥት ገጽ ሳይቀር አጋርቶታል። ዛሬም ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ "ተንሸራታች ቦምብ ሲመታ" የሚሉ የጌም ቪዲዮዎች እንደ እውነት ይዞራሉ። ተጫዋች ከሆናችሁ ለሌላው ሰው ልታስረዱ ትችላላችሁ። ካሜራው ከቦምቡ ጀርባ ተጣብቆ እስከ ኢላማው የሚሄድ ከሆነ ጌም ነው፤ ከቦምብ ኋላ የሚበር ካሜራ በእውነተኛ ጦርነት የለም። ከታች በኩል ምስሉ የተቆረጠ መስሎ ከታየ እዚያ የሚቀመጠውን የፍጥነትና የከፍታ ቁጥር ደብቀውት ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ ሰዓቱን ቁጠሩ። አውሮፕላኑ ሲለቅና ኢላማው ሲመታ ሳይቋረጥ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ከታየ፣ ያ ቦምብ ከሩቅ የተለቀቀ ተንሸራታች አይደለም።